የቤት ዋይፋይን በአግባቡ መዘርጋትና ደኅንነቱን መጠበቅ

አብዛኛው ሰው አዲስ ራውተር እጁ ሲገባ ገመዱን ይሰካል፣ ከመሣሪያው ሥር ከተለጠፈው ወረቀት ላይ የይለፍ ቃሉን አንብቦ ስልኩ ላይ ያስገባል፣ ኢንተርኔቱ መሥራቱን ካየ በኋላም ራውተሩን አንድ ጥግ አስቀምጦ ይረሳዋል። ይሁን እንጂ በቤቱ ያሉት ስልኮች፣ ኮምፒውተሮች፣ ቴሌቪዥኑና የጥበቃ ካሜራው ከውጭ ጋር የሚገናኙት በዚህ ሣጥን በኩል ብቻ በመሆኑ፣ ራውተሩን የተቆጣጠረ ሰው የቤቱን የመረጃ ልውውጥ ለመከታተልና አቅጣጫውን ለማስቀየር የሚያስችል ቦታ ይዟል ማለት ነው።

ደግነቱ፣ ራውተርን በአግባቡ ለማስተካከል የኔትወርክ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ትንሽ ትዕግሥትና ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው። የኔትወርኩን ስምና የይለፍ ቃል ሁሉም መሣሪያ ከተገናኘ በኋላ ለመቀየር መነሣት ቴሌቪዥኑን፣ ማተሚያውን፣ ካሜራውንና የእያንዳንዱን ቤተሰብ ስልክ አንድ በአንድ እንደገና ማገናኘትን ስለሚጠይቅ፣ ሰው «ሌላ ቀን አደርገዋለሁ» እያለ ሳይነካው ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ እዚህ የተዘረዘረው ሥራ የመጀመሪያው ስልክ ከዋይፋዩ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ቢጠናቀቅ ይመረጣል። ራውተሩ ቀድሞ ተዘርግቶ ከሆነም ሥራው ያው ነው፤ ድካሙ ብቻ ትንሽ ይጨምራል።

የያዙት መሣሪያ ምንድን ነው?

ሞደም በስልክ መስመር፣ በፋይበር ወይም በሞባይል ኔትወርክ የሚመጣውን ሲግናል ኮምፒውተር ወደሚጠቀምበት መልክ የሚቀይር መሣሪያ ነው። ራውተር ደግሞ ያንን አንድ መስመር ለብዙ መሣሪያዎች ያካፍላል፤ ለእያንዳንዳቸው የውስጥ አድራሻ ይሰጣል፤ ከውስጥ ማንም ሳይጠይቅ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትንም በተለመደው አሠራሩ አያስገባም። በአሁኑ ጊዜ አገልግሎት ሰጪዎች የሚያስረክቧቸው ሣጥኖች በአብዛኛው ሁለቱን ሥራዎች አጣምረው የያዙ ናቸው።

ይህን መለየት የሚጠቅመው የራስዎን ራውተር ገዝተው ከአገልግሎት ሰጪው ሣጥን ጋር በሚያገናኙበት ጊዜ ነው። ሁለቱም እንደ ራውተር ከሠሩ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ኔትወርኮች ይፈጠራሉ፤ ማተሚያው በአንደኛው፣ ኮምፒውተሩ በሌላኛው ላይ ሆነው ሳይገናኙ ይቀራሉ፤ አንዳንድ የኔትወርክ ጨዋታዎችም በምክንያቱ ባልታወቀ ሁኔታ ይሰናከላሉ። መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ራውተር ማድረግ ነው። ይኸውም ወይ የአገልግሎት ሰጪውን ሣጥን መስመሩን ብቻ ወደሚያሳልፈው «ብሪጅ» ወደሚባለው አሠራር ማዞር፣ ወይም አዲሱን መሣሪያ ዋይፋይ ብቻ በሚያሠራጨው «አክሰስ ፖይንት» በሚለው አሠራር ማስነሣት ነው። የሚያምኑትና በየጊዜው የሚዘመን አዲስ ራውተር ካለዎት የመጀመሪያው የተሻለ ነው፤ ነገር ግን የአገልግሎት ሰጪውን ፈቃድ ወይም እርዳታ ሊጠይቅ ይችላል።

የራውተሩ ቦታ

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነውና ከመሣሪያው ተነሥቶ በየአቅጣጫው ይሠራጫል፤ በየግድግዳው ሲያልፍም ይዳከማል። የእንጨትና የጂፕሰም ግድግዳ ብዙም አያግደውም፤ በብረት የተሠራ ኮንክሪት፣ የብረት ቁም ሣጥን፣ ትልቅ መስታወትና ውኃ የያዘ ገንዳ ግን ክፉኛ ያዳክሙታል። ከሁሉ የተሻለው ቦታ በቤቱ መሐል አካባቢ፣ ከወለል ከፍ ያለና ዙሪያው ያልተዘጋ መደርደሪያ ነው። ብዙ ጊዜ ራውተሩ የሚቀመጠው መስመሩ ወደ ቤት በሚገባበት ጥግ ወይም በመስኮት አጠገብ ነው፤ በዚያ ጊዜ የሲግናሉ ግማሽ ያህል ወደ ውጭ ይባክናል፣ የኋለኛው ክፍል ሰው ግን ስለ ኔትወርኩ ድካም ሲያማርር ይኖራል። ራውተሩን ወደ መሐል ለማምጣት ረዘም ያለ የኔትወርክ ገመድ መግዛት ይቻላል፤ «ካት 5ኢ» የሚባለው የተለመደው ዓይነት እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት ያደርሳል።

ውጫዊ አንቴና ያላቸው ራውተሮች ላይ አንቴናውን ወደ ሚፈልጉት ክፍል መቀሰር ጥቅም የለውም፤ ሞገዱ በብዛት የሚወጣው ከአንቴናው ጎን እንጂ ከጫፉ አይደለምና። ለአንድ ፎቅ ቤት አንቴናዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ቤቱ ከአንድ ፎቅ በላይ ከሆነ አንዱን ማጋደም ይረዳል።

ወደ ራውተሩ መግባት

ከራውተሩ ጀርባ ካሉት የገመድ ሶኬቶች አንዱ ለብቻው ተነጥሎ ወይም በተለየ ቀለም ይታያል። ከሞደሙ የሚመጣው ገመድ የሚሰካው እዚያ ላይ ሲሆን የተቀሩት ለቤቱ መሣሪያዎች ናቸው። ከእነዚህ በአንዱ ኮምፒውተርዎን በገመድ ያገናኙ። ኮምፒውተር ከሌለ በስልክም መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ስልኩ ከዋይፋዩ ኢንተርኔት ባላገኘ ጊዜ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ስለሚዞርና የራውተሩ ገጽ አልከፈት ስለሚል፣ ሞባይል ዳታውን አስቀድመው ያጥፉ።

ከዚያ ብራውዘር ከፍተው የራውተሩን አድራሻ ያስገቡ። አድራሻው በአብዛኛው 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ሲሆን ከመሣሪያው ሥር ባለው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ወረቀቱ ከተላጠ፣ በስልክዎ የዋይፋይ ማስተካከያ ውስጥ የተገናኙበትን ኔትወርክ ዝርዝር ሲከፍቱ «ጌትዌይ» ወይም «ራውተር» በሚለው መስመር ላይ የሚታየው ቁጥር እርሱ ነው። ቁጥሩን መጻፍ ያለብዎት በላይኛው የአድራሻ መስመር ላይ ነው እንጂ በጉግል ላይ መፈለግ የለብዎትም፤ በፍለጋ ውጤት መካከል የራውተር መግቢያ መስለው የይለፍ ቃል የሚጠይቁ ገጾች ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ብራውዘሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ቢያስጠነቅቅዎ አይደንግጡ፤ በገመድ ከራስዎ ራውተር ጋር እስከተገናኙና አድራሻውን በትክክል እስከጻፉ ድረስ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው መሣሪያው ዕውቅና ያለው የምስክር ወረቀት ስለሌለው ብቻ ነው።

አዳዲስ ራውተሮች በስልክ መተግበሪያ እንዲስተካከሉ ሆነው የሚመጡበት ጊዜ እየበዛ ነው። በዚህ ዓይነቱ ጊዜ ራውተሩ ከአምራቹ ዘንድ ከሚከፍቱት አካውንት ጋር ይተሳሰራል፤ አካውንቱ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚቀበል ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ያብሩት።

ሁለት የተለያዩ የይለፍ ቃሎች

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ራውተር ሁለት የይለፍ ቃል አለው፤ አንደኛው ስልኮች ከዋይፋዩ ጋር የሚገናኙበት ሲሆን ሁለተኛው የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ የሚከፍተው የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ነው። የመጀመሪያውን የቀየሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን ግን ከፋብሪካ እንደመጣ «አድሚን» በሚል ስምና «አድሚን» በሚል የይለፍ ቃል የሚተዉት ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ከፋብሪካ የሚመጡ ቃላት ምስጢር አይደሉም፤ በየሞዴሉ ተዘርዝረው በይፋ ይገኛሉ።

«ማንም ቤቴ ካልገባ ምን ያገኛል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚራይ» የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር የሠራው በዚሁ ክፍተት ነበር። ኢንተርኔቱን እየቃኘ ያገኛቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች ከ60 በሚበልጡ የታወቁ የፋብሪካ ስሞችና የይለፍ ቃሎች ዝርዝር ይሞክራቸው ነበር፤ የተከፈተለትን መሣሪያ በሙሉ ለጥቃት አሰለፈ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የታላላቅ ድረ ገጾችን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው «ዲን» የተባለው ኩባንያ በእነዚህ መሣሪያዎች ጎርፍ ሲጠቃ፣ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶች ለብዙ ተጠቃሚዎች ለሰዓታት ተቋርጠው ነበር። የመሣሪያዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ የሆነውን ነገር እንኳ አላወቁም። ከዚህም ሌላ፣ የራውተሩ ገጽ ከውጭ ባይከፈት እንኳ ከቤት ውስጥ የተከፈተ ተንኮለኛ ድረ ገጽ በብራውዘርዎ በኩል ለራውተሩ ትእዛዝ ለመላክ ሊሞክር ይችላል፤ የፋብሪካው የይለፍ ቃል ካልተቀየረ ሥራው ይቀልለታል።

ስለዚህ ወደ ገጹ እንደገቡ ከሁሉ በፊት የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ይቀይሩ። ከዋይፋዩ የይለፍ ቃል የተለየ ይሁን፤ ለእንግዳ የሚነገር ቃል ራውተሩን ራሱን መክፈት የለበትም። በየቀኑ የሚጠቀሙበት ባለመሆኑ መታወሱ አይቀርም ብለው አይተማመኑ፤ በይለፍ ቃል ማስቀመጫ መተግበሪያ ውስጥ ወይም በወረቀት ጽፈው ከሰነዶችዎ ጋር ያኑሩት። ሥራዎን ሲጨርሱም ከገጹ መውጣትን አይርሱ።

ሶፍትዌሩን ማዘመን

በራውተሩ ውስጥ ተጭኖ የሚመጣው ፈርምዌር የተባለ ሶፍትዌር እንደማንኛውም ሶፍትዌር ስሕተት አያጣውም፤ አምራቾችም ክፍተት በተገኘ ቁጥር የታረመ ቅጂ ያወጣሉ። ራውተሩ መጋዘን ውስጥ ወራትን አሳልፎ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ነው ማለት የታደሰ ነው ማለት አይደለም። «በራስ ሰር አዘምን» የሚል ምርጫ ካለ ያብሩት። ከሌለ ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ፣ የሞዴሉን ቁጥርና ከወረቀቱ ላይ የሚገኘውን የሃርድዌር ስሪት አስተያይተው ያውርዱ፤ አንድ ስም ይዘው ውስጣቸው የተለያየ መሣሪያዎች አሉና። ዝመናው በሚጫንበት ጊዜ የኤሌክትሪክ ኃይል ከተቋረጠ መሣሪያው ዳግመኛ ላይነሣ ስለሚችል እስኪጨርስ ድረስ አይንኩት።

ስም፣ ምስጠራና የዋይፋዩ የይለፍ ቃል

የኔትወርኩ ስም ከአካባቢው ስልክ ሁሉ የሚታይ ስለሆነ የራስዎን ስም፣ የቤት ቁጥርዎን ወይም የራውተሩን ሞዴል አያስገቡበት። የሞዴሉ ስም ለሰርጎ ገቢው የትኛውን ክፍተት መሞከር እንዳለበት ይጠቁመዋል። ከፋብሪካ የመጣውን የተለመደ ስም መቀየር ሌላም ጥቅም አለው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ምስጠራ በአየር ላይ የሚያልፈው መረጃ ለሌላ ሰው እንዳይነበብ የሚቆልፍ ዘዴ ነው፤ በዓይነቱ ላይ ምርጫው አጭር ነው። «ደብሊው ፒ ኤ 3» ካለና መሣሪያዎችዎ ከተቀበሉት እርሱን ይምረጡ። ቆየት ያሉ መሣሪያዎች ካሉዎት «ደብሊው ፒ ኤ 2/3» የሚለው ድብልቅ አሠራር ሁለቱንም ያስተናግዳል። ራውተሩ «ደብሊው ፒ ኤ 2»ን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ «ኤ ኢ ኤስ» የሚለው መመረጡን ያረጋግጡ፤ «ቲኪፕ» የሚለው አሮጌ ዘዴ ከነድብልቁ ይቅር። «ዌፕ» የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጣ ምስጠራ ደግሞ ድክመቱ እ.ኤ.አ. በ2001 በይፋ ከተጋለጠ ወዲህ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሰበር ሆኗል። ከዌፕ ሌላ የማይቀበል መሣሪያ ቢኖርዎት ለእርሱ ሲባል ኔትወርኩን ከማዳከም ይልቅ መሣሪያውን መሸኘት ይሻላል።

የይለፍ ቃሉ ጥንካሬ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት በ«ደብሊው ፒ ኤ 2» ጥቃት ሲፈጸም የሚሆነውን በቅርበት ማየት ይጠቅማል። ስልክዎ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ የይለፍ ቃሉን እንደሚያውቁ የሚያረጋግጡባቸውን አራት አጫጭር መልእክቶች ይለዋወጣሉ። የይለፍ ቃሉ ራሱ በአየር ላይ አይላክም፤ ነገር ግን በሲግናሉ ክልል ውስጥ ላፕቶፕ ይዞ የተቀመጠ ሰው እነዚያን መልእክቶች መቅዳት ይችላል። እስኪገናኙ መጠበቅ ከሰለቸውም ስልክዎን ለቅጽበት ከኔትወርኩ የሚያስወጣ ሐሰተኛ መልእክት ልኮ ራሱ እንደገና እንዲገናኝ ያደርገዋል። ቅጂውን ከያዘ በኋላ አጠገብዎ መቆየት አያስፈልገውም፤ ቤቱ ሄዶ የቃላት ዝርዝር በኮምፒውተሩ ላይ እየሞከረ፣ ከቅጂው ጋር የሚገጥም እስኪያገኝ ድረስ ያለ ማንም ከልካይ ይሠራል። ራውተሩ ይህን ሙከራ አያየውም፤ ስለዚህም «ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ይዘጋ» የሚል መከላከያ አይሠራበትም። እንግዲህ በእርስዎና በእርሱ መካከል የሚቀረው የይለፍ ቃሉ አለመገመት ብቻ ነው። የስልክ ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ የልጅ ስምና 123 ተደምሮበት የተሠራ ቃል በእንዲህ ዓይነቱ ሙከራ ብዙ አይቆይም።

የኔትወርኩ ስምም እዚህ ላይ ይገባል። የምስጠራው ቁልፍ የሚሠራው የይለፍ ቃሉን ከኔትወርኩ ስም ጋር ቀላቅሎ 4,096 ጊዜ በማስላት ነው። በብዙ ቤቶች ላይ ለሚገኝ የፋብሪካ ስም ይህን ስሌት አስቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የእርስዎ ስም የትም ቦታ ከሌለ ግን አስቀድሞ የተሠራው ሁሉ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ደብሊው ፒ ኤ 3» ቁልፉን የሚለዋወጠው በሌላ ዘዴ ስለሆነ መልእክቱን ቀድቶ ቤት ወስዶ መሞከርን ያስቀራል፤ ሰርጎ ገቢው እያንዳንዱን ግምት ከራውተሩ ጋር ተገናኝቶ መሞከር ይኖርበታል። በድብልቅ አሠራር ላይ ግን በ«ደብሊው ፒ ኤ 2» የሚገናኙ መሣሪያዎች እስካሉ ድረስ የቀድሞው ዓይነት ሙከራ አብሮ ስለሚኖር የይለፍ ቃሉ መጠንከር አለበት።

የዋይፋይ ደረጃው የይለፍ ቃሉ ከ8 እስከ 63 ፊደላት፣ አኃዞችና ምልክቶች እንዲኖሩት ይፈቅዳል። 8 ዝቅተኛው ስለሆነ ብቻ በቂ ነው ማለት አይደለም፤ ከ16 ያላነሰ ይሁን። በውስጡ ምልክቶችን ከማደበላለቅ ይልቅ ርዝመቱ ይበልጣል፤ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላትን በዘፈቀደ መርጦ መደርደር ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ከባድ የሆነ የይለፍ ቃል ይሰጣል። ለምሳሌ ጃንጥላ፣ ጉንዳን፣ መሰላል፣ ሐምሌና ማንኪያ ተከታትለው ሲጻፉ ሊታሰብ የሚችል ስዕል ይፈጥራሉ፤ ይህኑ ምሳሌ ራሱን ግን አይጠቀሙበት። ተረትና ምሳሌ፣ የዘፈን ግጥም ወይም የታወቀ ጥቅስም አይሁን፤ የሚዘወተሩ ሐረጎች በሙከራ ዝርዝሮች ውስጥ ይገባሉ። ደረጃው የሚቀበለው የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና የተለመዱ ምልክቶችን ስለሆነ የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል መጻፍ ያስፈልጋል። አንድን የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል እያንዳንዱ ሰው በየራሱ መንገድ ስለሚጽፈው ይህ ለገማቹ ተጨማሪ ራስ ምታት ነው፤ ለቤተሰቡ ግን ግራ መጋባት እንዳይሆን አጻጻፉን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩት። አሁን ያሉት ስልኮች ደግሞ የተገናኙበትን ዋይፋይ በኪውአር ኮድ ማጋራት ስለሚችሉ፣ የይለፍ ቃሉ መርዝሙ ለመናገር ያስቸግራል የሚለው ሰበብ አያስኬድም።

መጥፋት ያለባቸው ነገሮች

«ደብሊው ፒ ኤስ» የሚባለው አሠራር ረጅም የይለፍ ቃል ሳይጻፍ በአንድ ቁልፍ ወይም በ8 አኃዝ ቁጥር ለመገናኘት የተሠራ ነው። ስምንት አኃዝ ሲባል ብዙ ይመስላል። ራውተሩ ግን ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ፣ የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች ትክክል መሆናቸውን ለብቻ ያሳውቃል፤ የመጨረሻው አኃዝ ደግሞ ከቀሩት ሰባት የሚሰላ ማረጋገጫ ነው። በዚህም ምክንያት በ100 ሚሊዮን ይቆጠራል የተባለው ግምት ወደ 10,000 ሲደመር 1,000፣ ማለትም ወደ 11,000 ሙከራ ይወርዳል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ከሆነ ወዲህ ብዙ አምራቾች የሙከራ ገደብ አስገብተዋል፤ ቢሆንም በዓመት አንዴ ለሚያስፈልግ ምቾት ሲባል ክፍት መተው አያዋጣም። ያጥፉት።

«ከርቀት ማስተዳደር» የሚለው የራውተሩን ገጽ ከኢንተርኔት በኩል የሚከፍት ነው፤ በውል ካላስፈለገዎት ዝግ ይሁን። «ዩፒኤንፒ» የተባለው ደግሞ በቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም መሣሪያ እርስዎን ሳይጠይቅ በራውተሩ ላይ ከውጭ የሚያስገባ መግቢያ እንዲያስከፍት ይፈቅዳል። ለጨዋታ መሣሪያዎች ምቹ ነው፤ ነገር ግን ጥራቱ የማይታመን ርካሽ ካሜራም ይኸው ፈቃድ ይኖረዋል። ማጥፋቱን እመክራለሁ። አጥፍተውት አንድ ጨዋታ አልሠራ ካለ፣ ለዚያ ብቻ የሚያስፈልገውን መግቢያ በእጅ መክፈት ይቻላል።

የእንግዳ ኔትወርክ

አብዛኞቹ ራውተሮች ከዋናው ተለይቶ የራሱ ስምና የይለፍ ቃል ያለው የእንግዳ ኔትወርክ መክፈት ይችላሉ። በዚህ በኩል የተገናኘ መሣሪያ ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ በዋናው ኔትወርክ ላይ ያለውን ኮምፒውተርና ማተሚያ አያይም። ስሙ የእንግዳ ቢሆንም ትልቁ ጥቅሙ ለእንግዳ አይመስለኝም። በየቤቱ የገቡት ካሜራዎች፣ ስማርት አምፖሎች፣ ስማርት ሶኬቶችና ቴሌቪዥኖች ሶፍትዌራቸው አልፎ አልፎ እንጂ የማይዘመን፣ አንዳንዶቹም ከተሸጡ በኋላ ጨርሶ የሚረሱ ናቸው። እነዚህን በእንግዳው ኔትወርክ ላይ ማዋል አንዱ ቢጠለፍ እንኳ ሰነዶችዎ ያሉበት ኮምፒውተር ላይ እንዳይደርስ ያግዳል። የእንግዳው ኔትወርክ ያለ ይለፍ ቃል አይከፈት፤ «እንግዶች የውስጥ ኔትወርኩን እንዲያዩ ፍቀድ» የሚል ምርጫ ካለም ምልክት እንዳይደረግበት።

ስልክን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ቪዲዮ ማስተላለፍ ከፈለጉ ሁለቱ በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆን ሊኖርባቸው ይችላል። እዚህ ላይ ምቾትና ጥንቃቄ ይጋጫሉ፤ የእኔ ምርጫ ቴሌቪዥኑን ወደ ዋናው አምጥቶ ካሜራዎቹንና አምፖሎቹን በእንግዳው ላይ ማቆየት ነው።

ጥበቃ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ

የኔትወርኩን ስም መደበቅ በብዙ ምክሮች ውስጥ ይገኛል። ስሙ የሚቀረው ከስልክ ዝርዝር ላይ ብቻ ነው፤ አንድ መሣሪያ በተገናኘ ቁጥር ስሙ በአየር ላይ ስለሚተላለፍ ለሚያዳምጥ ሰው ስውር አይደለም። ይባስ ብሎ ስልክዎ ከቤት ርቆ ሳለም የተደበቀውን ኔትወርክ ስሙን እየጠራ ሊፈልገው ይችላል፤ ይህ ደግሞ ለመከታተል የሚያመች ምልክት ነው።

በማክ አድራሻ መለየትም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ማክ አድራሻ የእያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ቁጥር ሲሆን፣ ሳይመሰጠር በአየር ላይ ስለሚታይ የተፈቀደለትን መሣሪያ ቁጥር ቀድቶ መምሰል ቀላል ነው። ከዚህም በላይ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ስልኮች ለግል ምስጢር ጥበቃ ሲሉ በዘፈቀደ የተሠራ አድራሻ ስለሚጠቀሙ ዝርዝሩን መከታተል ለባለቤቱ አሰልቺ ሥራ ይሆናል። ልጆች የሚጠቀሙበትን ሰዓት ለመገደብ ይጠቅም ይሆናል፤ ሰርጎ ገቢን ግን አያስቆምም።

ሲግናልና ፍጥነት

የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ግድግዳን በተሻለ አልፎ ሩቅ ይደርሳል፤ ግን የተጨናነቀ ነው፣ ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚያው አካባቢ ስለሚሠራ ሲበራ ይረብሸዋል። 5 ጊጋኸርትዝ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ቶሎ ያዳክመዋል። ሁለቱን በአንድ ስም አድርጎ ስልኩ ራሱ እንዲመርጥ መተው ለአብዛኛው ቤት ይስማማል። አንዳንድ አምፖሎችና ካሜራዎች 2.4ን ብቻ ስለሚያውቁና ሲገናኙ ግራ ስለሚጋቡ፣ የእንግዳውን ኔትወርክ በ2.4 ላይ ብቻ መክፈት ያግዛል።

ሞገዱ ቻናል በሚባሉ ቁጥር በተሰጣቸው ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ በ2.4 ላይ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። የዋይፋይ መቃኛ መተግበሪያ ጭነው ከጎረቤቶች ያነሰ ሲግናል ያለበትን ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ፤ 3 ወይም 8 ባዶ መስሎ ቢታይ አይሳቡ፣ ከግራም ከቀኝም ይረበሻልና። የቻናሉ ስፋት በ2.4 ላይ 20 ሜጋኸርትዝ ይሁን።

ኢንተርኔቱ ሲዘገይ ጥፋቱ የዋይፋዩ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። ኮምፒውተሩን በገመድ አገናኝተው ፍጥነቱን ይለኩ፤ በገመድም ከዘገየ ችግሩ ከመስመሩ ነው፣ ራውተሩን ማዟዟር ትርፉ ድካም ነው። በገመድ ፈጥኖ በዋይፋይ ከዘገየ በየክፍሉ እየዞሩ የሲግናሉን ኃይል ይመልከቱ። መቃኛው በነጌቲቭ ቁጥር ያሳየዋል፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን የተሻለ ነው። -50 በጣም ጥሩ፣ -67 ለቪዲዮ ጥሪ የሚበቃ፣ -80 ደግሞ ሊቆራረጥ የሚችል ነው። ሩቅ ላለው ክፍል ተጨማሪ መሣሪያ ማስቀመጥ ካስፈለገ በገመድ የተገናኘ አክሰስ ፖይንት ሲግናልን ተቀብሎ ከሚደግመው ርካሽ ማራዘሚያ እጅግ ይሻላል፤ ማራዘሚያው በአንድ ሬዲዮ የሚሠራ ከሆነ ያንኑ መረጃ ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን ከግማሽ በታች ሊያወርደው ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚደረግ ክትትል

በየጥቂት ወራት አንዴ ወደ ራውተሩ ገብተው የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ይመልከቱ። የማያውቁት ስም ሲያዩ ወዲያው «ተጠልፌአለሁ» ወደሚል ድምዳሜ አይቸኩሉ፤ አምፖሎችና ሶኬቶች የሚታዩት በውስጣቸው ባለው ቺፕ አምራች ስም ሊሆን ይችላል። የቤቱን መሣሪያዎች አንድ በአንድ እያጠፉ የትኛው ከዝርዝሩ እንደሚጠፋ ማየት ጥርጣሬውን ይፈታል። ባለቤት ያልተገኘለት መሣሪያ ከቀረ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ አንዱን መሣሪያ ብቻ ማገድ አድራሻውን ቀይሮ እንዳይመለስ አያደርገውም።

በዚያው አጋጣሚ የ«ዲኤንኤስ» ማስተካከያውንም ይመልከቱ። ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት ሲሆን፣ ራውተር ውስጥ የገባ ሰው በብዛት የሚቀይረው እርሱን ነው፤ የባንክዎን ስም በትክክል ቢጽፉም ወደ ሐሰተኛ ገጽ እንዲወስድዎ። ማስተካከያው «ከአገልግሎት ሰጪው በራስ ሰር ተቀበል» የሚለው ላይ ወይም እርስዎ ራስዎ ያስገቡት ቁጥር ላይ መሆን አለበት። የማያውቁት ቁጥር ካገኙ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ ያስፈልጋል፤ በመርፌ ቀዳዳ ያህል የምትታየውን የ«ሪሴት» ቁልፍ ራውተሩ በርቶ ሳለ መብራቶቹ እስኪቀያየሩ፣ በአብዛኛው 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይቆዩ። ከዚያ ሶፍትዌሩን አዘምነው ሁሉንም ማስተካከያ ከመጀመሪያው ይሥሩ እንጂ ቀድሞ ያስቀመጡትን የማስተካከያ ቅጂ አይመልሱ፤ ችግሩ አብሮ ሊመለስ ይችላልና።

አምራቹ ዝመና መስጠት ያቆመበት ራውተር ምንም ያህል በደህና ቢሠራ የሚተካበት ጊዜ ደርሷል። አሮጌውን ለሌላ ሰው ከመስጠትዎ ወይም ከመጣልዎ በፊት በዚሁ የሪሴት ቁልፍ ይዞታውን ያጥፉ፤ በውስጡ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ብቻ ሳይሆን ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የሚገናኝበት የእርስዎ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃልም ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።